ናስካርን ከሰበታ ሆኖ መከታተል፦ ጎማ፣ ነዳጅና የፒት ውሳኔ

የስቶክ ካር ውድድርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሃያ ዙር ሳይሞላ ይሰለቻል። አርባ ገደማ መኪኖች ወደ ግራ እየታጠፉ ይዞራሉ፤ ፊት ያለው ፊት፣ ኋላ ያለው ኋላ ይመስላል። የሚሰለቸው ዓይኑን መሪው መኪና ላይ ተክሎ ስለሚቀር ነው። ናስካር፣ ማለትም ትልቁ የአሜሪካ የስቶክ ካር ውድድር ውስጥ፣ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው መኪናው ቆሞ ባለባቸው አሥር ሰከንዶች ነው፦ ስንት ጎማ ተቀየረ፣ ምን ያህል ነዳጅ ተቀዳ፣ በስንተኛው ዙር ፒት (ጎማና ነዳጅ የሚሰጥበት የሜዳው ዳር መቆሚያ) ተገባ። ይህን መቁጠር የጀመረ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል እንዴት እንዳለፈ አያውቀውም።

ይህ መመሪያ ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ሆኖ ሌሊቱን በስልክ ለሚከታተል ሰው ነው። የከተማ ዳር ነዋሪ አንድ ጥቅም አለው፤ የጅማ መንገድ ዳር ጎሚስታ ሞልቷል። ጎማ ሲሞቅ ንፋሱ ምን ያህል እንደሚጨምር፣ የትኛው ጎኑ ቶሎ እንደሚበላ፣ ዳዶው ሳይጠብቅ የወጣ መኪና ምን እንደሚገጥመው ከቤት ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ ማየት ይቻላል። የሚያስፈልጋችሁ ስኩዌር ደብተር፣ እርሳስ፣ የስልክ ስቶፕዎች እና ሙሉ ቻርጅ የሆነ ፓወር ባንክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓቱ

አሜሪካኖቹ የውድድር ሰዓት የሚጽፉት በምሥራቅ ጠረፋቸው ሰዓት ነው። ወደ እኛ መለወጥ ቀላል ነው። ከማርች ሁለተኛ እሁድ (የካቲት ማለቂያ ወይም መጋቢት መግቢያ) እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ (ጥቅምት ማለቂያ) ድረስ እነሱ ከጻፉት ላይ 1 ጨምሩ፤ በቀረው ጊዜ 2 ጨምሩ። በሰኔ ወር ከሰዓት በኋላ 3፡00 ያሉት ለእኛ ከምሽቱ 4፡00 ነው። ዴይቶና 500 በፌብሩዋሪ 2፡30 ቢባል ለእኛ ከምሽቱ 4፡30 ይሆናል። በሜይ መጨረሻ እሁድ የሚካሄደው ኮካ ኮላ 600 በእነሱ 6፡00 ሲባል እዚህ ከሌሊቱ 7፡00 ነው፣ ለሰኞ አጥቢያ። ርዝመቱ 966 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሲያልቅ ሊነጋ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት የሚውሉትን ውድድሮች ቢመርጥ ይሻለዋል።

ስለ መብራትና ዳታ ብዙ የሚባል የለም። ምስሉን ዝቅ ባለ ጥራት ካያችሁት አንድ ውድድር 2 ጊጋባይት ተኩል ያህል ይወስዳል። ኔትዎርክ ሲደክም ምስሉን ትታችሁ በናስካር አፕ ላይ ያለውን የቀጥታ ሰንጠረዥ ክፈቱና የሬዲዮ ድምፅ አዳምጡ። ድምፅ ብቻ በሰዓት 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። እንዲያውም የፒት ስሌት ለመማር ሰንጠረዡ ከምስሉ ይበልጣል፤ ካሜራው መሪውን ሲያሳድድ ሰንጠረዡ የ22ኛውን የዙር ሰዓት ያሳያችኋል።

ደብተሩ

አራት መኪና ብቻ ምረጡ። አርባውን ለመያዝ የሞከረ አንዱንም አይዝም። አንድ ከፊት የሚነሳ፣ አንድ ከ10ኛ እስከ 15ኛ ያለ፣ አንድ ከኋላ የሚነሳ ጎበዝ ሹፌር፣ አንድ ደግሞ የምትወዱት። ገጹን በሰባት ዓምድ ክፈሉት፦ ዙር፣ የባንዲራ ቀለም (አረንጓዴ ውድድሩ ሲሄድ፣ ቢጫ ደግሞ አደጋ ደርሶ ሁሉም በዝግታ ሲሰለፍ)፣ የመኪና ቁጥር፣ ስንተኛ ሆኖ ገባ፣ ስንት ጎማ ቀየረ (0፣ 2 ወይም 4)፣ ነዳጅ ሞልቷል ወይስ ጨመር አድርጎ ወጣ፣ ስንተኛ ሆኖ ወጣ። ከዚህ በላይ አትጨምሩ፤ ቢጫ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ለመጻፍ የምታገኙት ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ዙር በእጅ መቁጠር የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ካለ የዌንደል ስኮትን ታሪክ ይወቅ። ስኮት የራሱን መኪና ራሱ የሚጠግን ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን 1963 ጃክሰንቪል ላይ ሁሉንም ደርቦ (ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ቀድሞ) ጨረሰ፤ የአሸናፊነቱ ባንዲራና ዋንጫ ግን ለባክ ቤከር ተሰጠ። ከሰዓታት በኋላ የዙር መዝገቡ ተመርምሮ አሸናፊው ስኮት እንደሆነ ተረጋገጠ፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ ወደየቤቱ ሄዷል። ስኮት በናስካር ትልቁ ምድብ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር ነው። ዋንጫው ለቤተሰቡ እስኪደርስ ድረስ ግን አሥርተ ዓመታት አለፉ፤ እሱ አላየውም። ሁለተኛው ባለድል ባባ ዋላስ የመጣው በ2021 ነው፣ በታላዴጋ።

ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

የአሁኑ መኪና፣ በ2022 ሥራ የጀመረው፣ 20 ጋሎን ነዳጅ ይይዛል፤ 75 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሞተሩ 5.86 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሲሆን ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ በአንድ ሊትር ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሄድም። በዙር 2.4 ኪሎ ሜትር በሆነ ሜዳ (የናስካር የተለመደው 1.5 ማይል ሜዳ) አንድ ሙሉ ታንክ 60 ዙር ያህል ያስኬዳል። ይህን ቁጥር እንደ መነሻ ያዙት እንጂ አትመኑበት። ትክክለኛውን የምታገኙት በአረንጓዴ ባንዲራ የመጀመሪያው መኪና ነዳጅ ብሎ ሲገባ ነው፤ ያን ዙር ጻፉና መነሻችሁን አርሙት።

ምሳሌ እንውሰድ። ካንሳስ ላይ ውድድሩ 267 ዙር ነው፤ የመጀመሪያው ስቴጅ በ80፣ ሁለተኛው በ165 ያበቃል። ስቴጅ ማለት ከ2017 ጀምሮ ውድድሩ የሚከፈልበት ክፍል ነው፤ መጨረሻው ላይ የመጀመሪያዎቹ አሥር መኪኖች ከ10 እስከ 1 ነጥብ ይወስዳሉ፣ ቢጫ ይወጣል፣ አብዛኛው መኪናም ይገባል። ስለዚህ በ165 ሁሉም ሞልቶ ወጣ እንበል። የቀረው 102 ዙር ነው፣ ታንኩ ደግሞ 60። አንድ ጊዜ መግባት ግድ ነው። መቼ? ከ267 ላይ 60 ስትቀንሱ 207 ይመጣል፤ ከዚያ ቀድሞ የገባ ዳግመኛ መግባት አለበት። 165 ላይ 60 ስትደምሩ 225 ይመጣል፤ ከዚያ ያለፈ መንገድ ላይ ይቆማል። በደብተራችሁ ከ207 እስከ 225 ያለውን አስምሩበት። የውድድሩ ዋና ድራማ እዚያ መስመር ውስጥ ነው፣ ካሜራው ቢያሳየውም ባያሳየውም።

በቢጫ ወቅት የሚሄዱ ዙሮች ነዳጅ በጣም ትንሽ ስለሚበሉ ይህን የመግቢያ መስኮት ያሰፉታል። ብዙ ጀማሪ የሚስተው ይህን ነው፦ አምስት ስድስት የቢጫ ዙር ካለፈ «ነዳጅ አይበቃውም» ያሉት መኪና በቅቶት ሲጨርስ ይደነግጣል።

ጎማ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ የናስካር ግማሹ ጎማ ነው።

አደባባይ ላይ ታክሲ ውስጥ ቆም ብላችሁ አስቡ። አደባባዩን ስንዞር ወደ ግራ እንታጠፋለን፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ቀኝ በር ይደገፋል። መኪናውም እንደ ተሳፋሪው ነው፤ ክብደቱ ቀኝ ጎማዎች ላይ ይወድቃል። ናስካር አደባባዩን በሰዓት 250 እና 300 ኪሎ ሜትር፣ ከሦስት ሰዓት በላይ መዞር ነው። ቀኝ የፊት ጎማ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ካልተጠነቀቁ ይፈነዳል። ሁለት ጎማ ብቻ ሲቀየር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቀኞቹ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ንፋስ ነው። አንድ ሙከራ አድርጉ፦ የራሳችሁን ወይም የጎረቤትን መኪና ጎማ ማለዳ፣ ሳይነዳ፣ ጎሚስታው ጋ አስለኩ። ከሰበታ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ ሳይበርድ፣ እንደገና አስለኩ። ጠዋት 30 የነበረው 33 ወይም 34 ሆኖ ታገኙታላችሁ። የውድድር ጎማ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይግላል። ስለዚህ ቡድኖቹ ሆን ብለው አሳንሰው ይሞላሉ፣ ሲግል ልኩ ላይ እንዲደርስ። እርጥበት ያለው ተራ አየር ሲሞቅ እንደልብ ስለማይተነበይ ናይትሮጂን ይጠቀማሉ። ስስታሙ የቡድን አለቃ (ክሩ ቺፍ ነው የሚሉት) ጎማው አስፋልቱን ይበልጥ እንዲይዝለት የጎማው አምራች ጉድይር ከሚመክረው በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ የጎማው ጎን በየመታጠፊያው እየተጨማደደ ይደክምና ከውስጥ ይቆረጣል። ቴሌቪዥን ላይ «ዕድለ ቢስ» የሚባለው የጎማ ፍንዳታ ብዙው ዕድል አይደለም፤ ንፋስ በማሳነስ የተገዛ ፍጥነት ዋጋ ነው። መኪናው ቢጫው አብቅቶ ዳግም ከተነሳ በኋላ ሁለት ሦስት ዙር ተንሸራቶ ከዚያ ቀጥ ካለ፣ ንፋሱን ዝቅ አድርገውለታል ማለት ነው፤ ከጎኑ ምልክት አድርጉበት።

መበላቱን እንዴት እንለካለን? ከዳግም መነሻ በኋላ የ5ኛውን ዙር ሰዓት ጻፉ፤ ሳይቆም ከሄደ የ35ኛውንም ጻፉ። አንድ ዙር 30 ሰከንድ በሚፈጅ ሜዳ ላይ ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ ካነሰ ጎማው አይበላም፤ ያን ቀን ቦታ መያዝ ከአዲስ ጎማ ይበልጣል። ከአንድ ሰከንድ ተኩል ከበለጠ አራት ጎማ ሳይቀይሩ መውጣት ሞኝነት ነው። በመሃል ያለው ላይ ክርክሩ ክፍት ነው፤ ጥሩ የቡድን አለቃ የሚለየውም እዚያ ነው። እንደ ዳርሊንግተን አስፋልቱ ጎማ የሚፍቅ ሜዳ ላይ ሁለት ጎማ ብሎ የወጣ ሰው አሥር ዙር ሳይሞላ እንደሚዋጥ እርግጠኛ ሁኑ።

ጎማ ሲበላ ውድድር ምን ያህል እንደሚያምር ለማየት ማርች 17 ቀን 2024 ብሪስቶል ላይ የተደረገውን ፈልጋችሁ ተመልከቱ። ሜዳው በዙር ከ900 ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው። ጎማው ማንም ባልጠበቀው ፍጥነት አለቀ። በጉልበት የነዳ ሁሉ ብዙም ሳይሄድ ጎማው ተገፈፈ፤ እግሩን ያቀለለ ቆየ። መሪነቱ 54 ጊዜ ተቀያየረ፣ በመጨረሻ ሳይደረቡ የቀሩት አምስት መኪኖች ብቻ ነበሩ፣ ዴኒ ሃምሊን አሸነፈ። ያን ቀን «ይህ ውድድር አይደለም፣ ጎማ ማስታመም ነው» ያሉ ነበሩ። እኛ ደግሞ ከዓመቱ ምርጡ ነበር እንላለን፤ ሹፌሩ በእግሩ ማሰብ የነበረበት ቀን ነው።

ፒት ውስጥ

ከግንቡ ዘለው መኪናው ላይ የሚሠሩት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ሁለት ጎማ ፈቺ፣ አንድ ጎማ ተሸካሚ፣ አንድ ክሪክ የያዘ፣ አንድ ነዳጅ ቀጂ። ከ2022 ወዲህ ቸርኬው የሚታሰረው በመሃል ባለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው፤ ቀድሞ አምስት ነበሩ። የአምስቱ ዳዶ ዘመን ይናፍቀናል፤ ያኔ የፈቺው እጅ ብቻውን ውድድር ያሸንፍ ነበር።

ቅደም ተከተሉን አንዴ በዝግታ አስተውሉት። መኪናው ሊቆም ሲቃረብ ሰዎቹ ዘለው በፊቱ አልፈው ወደ ቀኝ ይሮጣሉ። ባለ ክሪኩ አንዴ ወይም ሁለቴ ጫን ሲል ቀኝ ጎኑ በሙሉ ይነሳል። በንፋስ የሚሠራው መፍቻ «ዚፕ» ይላል፤ ዳዶው ወጣ፣ አሮጌው ጎማ ወረደ፣ አዲሱ ገባ፣ «ዚፕ»፣ ጠበቀ። ክሪኩ ይለቀቃል፣ ሁሉም ዞረው ወደ ግራ ይሮጣሉ፣ ያው ይደገማል። ክሪኩ ግራ ላይ ሲወርድ ሹፌሩ ይነሳል፤ ሌላ ምልክት አይጠብቅም። ጎበዝ ቡድን አራቱን ጎማ በአሥር ሰከንድ ወይም ባነሰ ይጨርሳል። ቀጂው በዚህ ሁሉ ጊዜ ግራ ኋላ ቆሟል። ታንኩን ለመሙላት ሁለት ጀሪካን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በአሁኑ መኪና ብዙ ጊዜ ጎማው አልቆ ነዳጁ ይጠበቃል። ስቶፕዎቻችሁን መኪናው ሲቆም ተጫኑ፤ ክሪኩ ግራ ወርዶ መኪናው ካልተነሳ ምክንያቱ ነዳጅ ነው፣ «ሞልቷል» ብላችሁ ጻፉ። ክሪኩ ሲወርድ አብሮ ከተነሳ ምናልባት ጎደሎ ነው የወጣው፤ ይህ ማስታወሻ ከ50 ዙር በኋላ ወርቅ ይሆናል።

የሚበላሸው ምንድን ነው? ከሁሉ የሚብሰው ያልጠበቀ ዳዶ ነው። ሹፌሩ «ይንቀጠቀጣል» ካለ ወይ ተመልሶ ይገባል፣ ወይ ጎማው ይወልቃል፤ ከወለቀ ሠራተኞቹ ይታገዳሉ። ሌላው ፍጥነት ነው። በፒት መንገድ የተወሰነ ፍጥነት አለ፣ ዴይቶና ላይ በሰዓት 55 ማይል ወይም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሚለካው በራዳር አይደለም፤ መንገዱ በመስመሮች ተከፋፍሎ ከመስመር መስመር የፈጀው ጊዜ ይሰላል። ቅጣቱ የሚመጣው አንድ ክፍል ውስጥ በአማካይ ስላለፈ ነው። የመጨረሻው ፒት ሳጥን፣ መውጫው አጠገብ ያለው፣ የሚወደደውም በዚህ ነው፤ ከፊቱ የሚያግደው መኪና የለም፣ ከሳጥኑ ተነስቶ መስመሩን ወዲያው ያልፋል። ሳጥን የሚመረጠው በማጣሪያው ውጤት ቅደም ተከተል ነው።

ከዚህ ሌላ የሚያስቀጡት፦ ሠራተኛ ጊዜው ሳይደርስ ግንቡን መዝለል፣ አሮጌ ጎማ ሲንከባለል መልቀቅ፣ ጀሪካኑ ሳይነቀል መነሳት፣ ከሦስት በላይ የሌሎችን ሳጥን አቋርጦ መንዳት፣ ፒት ሳይከፈት መግባት። በቢጫ የተቀጣ ወደ ሰልፉ ጅራት ይሄዳል። በአረንጓዴ የተቀጣ ደግሞ በፒት መንገድ ዝግ ብሎ ያልፋል፤ አጭር ሜዳ ላይ ይህ አንድ ዙር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስደርበዋል።

ቢጫ ሲወጣ፦ አራት፣ ሁለት ወይስ ዜሮ

ቢጫ ሲወጣ ፒት ለጊዜው ይዘጋል፣ መኪኖቹ ይሰለፋሉ፣ ከዚያ ይከፈታል። ከተደረቡት ውስጥ ፊተኛው አንድ ዙሩ ይመለስለታል። መሪው እንግዲህ ጭንቅ ላይ ነው፦ ፊት ስለሆነ እሱ የሚያደርገውን ሁሉም ያያል፣ ከኋላው ያሉት ደግሞ ተቃራኒውን ለማድረግ ነፃ ናቸው። እሱ ሲገባ እነሱ ይቀራሉ፤ እሱ አራት ሲል እነሱ ሁለት ይላሉ።

ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ ፊኒክስ። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ደንብ ለዋንጫ ከቀሩት አራት ሹፌሮች ከሌሎቹ ሦስቱ ቀድሞ የገባ ሻምፒዮን ይሆን ነበር። ሃምሊን፣ ሃያ ዓመት ሲሮጥ ዋንጫ ያላገኘው፣ 208 ዙር መርቷል። ሦስት ዙር ሲቀር የዊልያም ባይረን ጎማ ፈነዳ፣ ቢጫ ወጣ። ሁሉም ገቡ። ሃምሊን አራት ጎማ ወሰደ፤ ካይል ላርሰን ሁለት። ሃምሊን 10ኛ፣ ላርሰን 5ኛ ሆነው ተሰለፉ፣ ለሁለት ዙር። ላርሰን 3ኛ፣ ሃምሊን 6ኛ ገቡ። ላርሰን ያን ቀን አንድም ዙር ሳይመራ ዋንጫውን ወሰደ።

አራት ጎማ የሚለው ውሳኔ የእብድ ውሳኔ አልነበረም፤ የተሻለ ጎማ ነበረው፣ ቦታም አስመልሷል። ያልበቁት የቀሩት ዙሮች ናቸው። የኛ ሚዛን እንዲህ ነው፦ ከአምስት ዙር በታች ከቀረና ከአራት በላይ መኪና ሁለት ጎማ ይዞ ከፊት የሚወጣ ከመሰለ፣ አራት አትውሰድ። አሥር ዙር ከቀረ አራቱን ውሰድ፣ ተዋጋ። በመሃል ያለው በሹፌሩ ይወሰናል። የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ ያለ መኪና ንጹሕ አየር ያገኛል፤ አሥረኛው ላይ ያለው የሌሎችን ብጥብጥ አየር እየቀዘፈ፣ አዲስ ጎማውን ሳይጠቀምበት ሊጨርስ ይችላል። የአሁኑ መኪና ይህ ችግር አጭር ሜዳ ላይ ይብስበታል፤ ናስካር ካላስተካከላቸው ነገሮች ሁሉ የሚያሳዝነን ይሄው ነው።

በአረንጓዴ ቀድሞ መግባት

በአረንጓዴ መግባት 1.5 ማይል ሜዳ ላይ አንድ ዙር ያህል ያስከፍላል። ሆኖም አዲስ ጎማ በዙር 1 ሰከንድ የሚያተርፍ ከሆነ፣ ከተቀናቃኙ 4 ዙር ቀድሞ የገባ ሰው እሱ እስኪገባ 4 ሰከንድ ይወስድበታል። ስለዚህ ከኋላ ያለው ቀድሞ ይገባል፣ ፊት ያለው ለመመለስ ይገደዳል፣ ከዚያ ሁሉም እንደ በግ ይከተላል። አደጋው ቢጫ ነው። ቀድማችሁ ገብታችሁ፣ ሌላው ሳይገባ ቢጫ ከወጣ፣ እናንተ ተደርባችኋል፣ እሱ ደግሞ በዝግታ ገብቶ ያለ ኪሳራ ይወጣል። ከ207 እስከ 225 ባልነው መስኮት ውስጥ በ209 የገባውንና እስከ 224 የቆየውን በሁለት ቀለም አስምሩ፤ የቆየው ቢጫን እየጠበቀ ነው። ሰነፍ አይደለም።

ዴይቶናና ታላዴጋ የራሳቸው ዓለም ናቸው። እዚያ መኪኖቹ ሞተራቸው ሆን ተብሎ ወደ 510 ፈረስ ጉልበት ታፍኖ፣ እንደ ሱሉልታ ሯጮች አንዱ የአንዱን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። ጀርባ የያዘ ነዳጁን ይቆጥባል። ስለዚህ መሃል ላይ ሁሉም ግማሽ ነዳጅ እየረገጡ፣ ሦስት ሦስት ተደርድረው ሲንሸራሸሩ ታያላችሁ፤ ዓላማው ፒት ሲገቡ የሚቀዱትን አሳንሰው ቀድመው መውጣት ነው። ብልጠት ነው፤ እንደ ተመልካች ግን አንወደውም። 805 ኪሎ ሜትር፣ ከሰበታ ጅማ ደርሶ መልስ የሚበልጥ መንገድ፣ ግማሹ በቁጠባ ሲያልፍ ያሳዝናል።

ስለ ከፍታ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ነገር። ጁን 15 ቀን 2025 ናስካር ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ተወዳደረ፣ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ገደማ ላይ፤ አዲስ አበባን የሚቀርብ ከፍታ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ አየሩ ስስ ስለሆነም ፍሬንና ሞተር ማቀዝቀዝ ይቸግራል። ያሸነፈው የኒውዚላንዱ ሼን ቫን ጊዝበርገን ነው፤ መታጠፊያው ወደ ግራም ወደ ቀኝም በሆነ ሜዳ ላይ ከደብተራችሁ አንዱ መደብ ለእሱ ይሁን። ጎማ ማስታመም ለመማር ሃምሊንን፣ አስፋልቱ ላይ ሌላው ያልሄደበትን መስመር ፈልጎ መንዳት ለመማር ላርሰንን ተከታተሉ።

የመጨረሻው ዙር

ውድድሩ በቢጫ እንዳያልቅ ትርፍ ዙር ይጨመራል፤ ሁለት ዙር በአረንጓዴ። ነዳጅ ስታሰሉ ሁልጊዜ ለዚህ ሦስት አራት ዙር መጠባበቂያ ያዙ። በ2011 ኮካ ኮላ 600 ላይ 400 ዙር የነበረው 402 ሆነ። ዴል ኧርንሃርት ጁኒየር እየመራ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነዳጁ አለቀ፣ ኬቨን ሃርቪክ አልፎት አሸነፈ። 400 ላይ ቢያልቅ ኖሮ ነዳጁ ይበቃው ነበር።

አሸናፊውን ግን ወዲያው በእስክሪብቶ አትጻፉ። ከውድድሩ በኋላ መኪኖቹ ይፈተሻሉ። በ2022 ፖኮኖ ላይ አንደኛና ሁለተኛ የገቡት ሃምሊንና ካይል ቡሽ የመኪናቸው ፊት ላይ ያልተፈቀደ ነገር ተገኝቶ ተሰረዙ፤ ድሉ ሦስተኛ ለገባው ለቼዝ ኤልየት ተሰጠ። የፍተሻው ውጤት እዚህ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከተኛን በኋላ ስለሆነ፣ ጠዋት አይታችሁ እርሳሱን አድምቁት።